ሕመምተኛው ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ

ሳምንት 1፣ ሰኞ

ዛሬ ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ጥግ ይዤ ቆሜ ዋልኩ። በእጄ ስልክ፣ ስልኩ ላይ ስቶፕዎች። ለዓመታት መሣሪያ ሳቀብል በኖርኩበት ክፍል ምንም ሳይነኩ መቆም እንዴት እንደሚከብድ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው። ፐርፊዥኒስታችን (የልብና ሳንባ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ባለሙያ) የማሽኑን ቱቦዎች እየገጣጠመ ዞር ብሎ አየኝና «ዛሬ ደግሞ ዳኛ መድበውብናል» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ነገሩ ገብቶኛል። አጠገብህ ሰዓት ይዞ የሚቆም ሰው ደስ አይልም። ስለዚህ እዚያው ቆሜ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። የማንንም ስም አልጽፍም። የምጽፈው ሰዓቱንና የሆነውን ብቻ ነው።

የተሰጠኝ ሥራ ወረቀቱ ላይ «የልብና የሳንባ ቀዶ ጥገና ጥራትና ቅልጥፍና ማሻሻያ» ይላል። በእኛ አፍ ሲነገር፦ ለምን እንዘገያለን? የት ላይ ነው የምንሳሳተው?

በፕሮግራሙ መሠረት ስለቱ ቆዳ መንካት የነበረበት ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ነው። የነካው 4 ሰዓት ከ25 ሆኖ ነው። ሰርጀኑ በዚያ ሁሉ ጊዜ ዝግጁ ነበር። ሰመመን ሰጪዋም እንደዚያው። መጀመሪያ ደሙ መመሳሰሉን የሚያረጋግጥ ስልክ ጠበቅን። ቀጥሎ የልብ ደም ሥር ምርመራው ሲዲ ኮምፒውተሩ ላይ አልከፈት አለ። መጨረሻ ላይ ደግሞ አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍሉ) «አልጋ ገና አልተለቀቀም» አለን። ሕመምተኛው ይህን ሁሉ ጊዜ ጣሪያ እያየ ተኝቷል። አንዴ «ችግር አለ እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ። «የለም፣ እየተዘጋጀን ነው» አልኩት። ከፊሉ እውነት ነው።

ሳምንት 1፣ ሐሙስ

ምን እንለካ? ዛሬ የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። ሰርጀኖቹ «የሞት መጠን ነው ዋናው» አሉ። ትክክል ናቸው፤ ግን እንደኛ ላለ ትንሽ ክፍል አስቸጋሪ መለኪያ ነው። በአንድ ወር ሁለት ሰው እናጣለን፣ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ማንንም። ተሻሻልን ማለት ነው? ወይስ ዕድል? ከእንዲህ ያለ ትንሽ ቁጥር ምንም ማወቅ አይቻልም።

ይህን ጥያቄ ከኛ በፊት የጠየቁ አሉ። ማርክ ደ ሌቫል የተባለው የሕፃናት ልብ ሰርጀን አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ላይ የሚሠራውን ደም ሥር የማቀያየር ቀዶ ጥገና ሲሠራ ተከታታይ ሞት ገጠመው። የራሱን ውጤት አንድ በአንድ በሚደምር ግራፍ ላይ አስቀምጦ እ.ኤ.አ. በ1994 አሳተመው። ውድቀቱን በአደባባይ የቆጠረ ሰርጀን ማለት ነው። እኔ ባርኔጣዬን የማነሣው ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው።

ሌላው የወደድኩት በአሜሪካ ሰሜናዊ ኒው ኢንግላንድ ያሉ የልብ ማዕከላት እ.ኤ.አ. በ1987 የጀመሩትን ነው። ውጤታቸውን ለየራሳቸው አሳዩ፣ የጥራት ማሻሻያ ሥልጠና ወሰዱ፣ ከዚያ እየተዘዋወሩ አንዱ የሌላውን ኦፕሬሽን ክፍል ቆሞ አየ። እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጽሑፍ የልብ ባይፓስ (ለተዘጋ የልብ ደም ሥር መተላለፊያ የመሥራት ቀዶ ጥገና) የሆስፒታል ሞት ከሚጠበቀው በ24 በመቶ ቀነሰ። አዲስ ማሽን አልገዙም። ቆመው ተያዩ።

እኛ ከሞት በተጨማሪ ሂደቱን ለመለካት ተስማማን። የመጀመሪያው ኬዝ የሚጀምርበት ሰዓት፣ አንቲባዮቲክ በጊዜው መሰጠቱ፣ ከኦፕሬሽን ክፍል ወደ አይሲዩ ያለው ርክክብ፣ የመተንፈሻ ቱቦ የሚወጣበት ሰዓት፣ የደረት ቱቦ የሚቆይበት ቀን። አምስት። ስድስተኛ ለመጨመር የፈለገ ሰው ነበር፣ ተቃወምኩ። አምስቱን በደንብ ከለካን ትልቅ ነገር ነው።

ሳምንት 2

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ጠዋት ጠዋት የምናደርገው ይኸው ነው።

ስለዚህ ዝግጅቱን ወደ ዋዜማው ከሰዓት ሳብነው። በየቀኑ 10 ሰዓት ላይ ነጭ ሰሌዳው ፊት ለፊት ቆመን የነገውን ኬዝ እናያለን። መቀመጥ ክልክል ነው፤ ከተቀመጥን ስብሰባ ይሆናል። ደሙ ተዘጋጅቷል? ምስሉ ተከፍቶ ታይቷል? ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ክሎፒዶግሬል የሚወስድ ከሆነ ካቆመ 5 ቀን ሞልቶታል? የአይሲዩ አልጋ የማን ነው? አልጋውን የያዘው ሕመምተኛ ነገ በስንት ሰዓት ነው ወደ ዎርድ (ወደ መደበኛው የሕሙማን ክፍል) የሚወርደው?

ዋናው ነገር የመጨረሻው ጥያቄ ሆነ። ኦፕሬሽን ክፍል ዘገየ የምንለው መዘግየት ከዎርድ ይጀምራል። ዎርድ አልጋ ካልለቀቀ አይሲዩ አይለቅም፣ አይሲዩ ካልለቀቀ እኛ አንጀምርም። ለካ እስከ ዛሬ ስንወቅስ የኖርነው የተሳሳተውን ሰው ነው።

በሳምንቱ ከአምስቱ ጠዋቶች ሦስቱን በሰዓቱ ጀመርን። አንዱን ድንገተኛ ኬዝ አበላሸው። አንዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ሳልገለብጥ ጽዳቱ አጠፋው።

ሳምንት 3

አንቲባዮቲክ። ሴፋዞሊን ከስለቱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መግባት አለበት። ቀዶ ጥገናው ከረዘመ ደግሞ በየ4 ሰዓቱ ይደገማል። የመጀመሪያውን ማንም አይረሳውም። የሚረሳው ሁለተኛው ነው።

ለምን እንደሚረሳ ለማየት አንድ ረጅም ኬዝ ላይ ቆምኩ። 4 ሰዓቱ የሞላው ልክ ከልብና ሳንባ ማሽኑ እየወጣን ሳለ ነው። ሰመመን ሰጪዋ አንድ ዓይኗ ግፊቱ ላይ፣ ሌላው የልቡ አልትራሳውንድ ላይ። ሰርጀኑ «ቀስ፣ ቀስ፣ ሙላልኝ» ይላል። ፐርፊዥኒስቱ ፍሰቱን በትንሽ በትንሹ ይቀንሳል። በዚያች ቅጽበት አንቲባዮቲክ የሚያስታውስ ሰው ካለ ሥራውን እየሠራ አይደለም ማለት ነው። ተግሣጽ ለዚህ መድኃኒት አይሆንም።

መፍትሔ አገኘን ብለን ሰዓት ቆጣሪ ገዛን። 4 ሰዓት ሲሞላ ይጮኻል። በሁለተኛው ቀን ጮኸ፤ ከማሽኑ አላርም ጋር እኩል። ፐርፊዥኒስቱ ደነገጠ፣ ሰርጀኑ እጁን አቆመ፣ ሁሉም ማሽኑን አየ። ለ10 ሰከንድ ያህል ክፍሉ ውስጥ ትንፋሽ የለም። ሰዓት ቆጣሪው ያን ቀን ተሰናበተ።

አሁን ያለው ቀላል ነው። የመጀመሪያው ዶዝ ሲሰጥ ተዘዋዋሪዋ ነርስ የሚቀጥለውን ሰዓት በቀይ ቀለም ሰሌዳው ላይ ትጽፋለች። ፐርፊዥኒስቱ ሕመምተኛውን ከማሽኑ ለማውጣት ማሞቅ ሲጀምር ሰሌዳውን ጮክ ብሎ ያነባል። ማሞቅ ሲጀምር ገና ጥድፊያ የለም። ሰው ጆሮ አለው።

በነገራችን ላይ፣ ማቆሙም እንደ መጀመሩ ነው። ከ48 ሰዓት በላይ መከላከያ አንቲባዮቲክ መስጠት ለቁስሉ ጥቅም የለውም፤ መድኃኒቱን የሚለምዱትን ተሕዋስያን ያበዛል እንጂ። ዎርድ ላይ ግን «ለጥንቃቄ» እየተባለ አምስተኛ ቀን የደረሰ ካርድ አገኘሁ።

ሳምንት 4

ይህን መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት የቀዶ ጥገና ደኅንነት ቼክሊስት እ.ኤ.አ. በ2008 ወጣ። 19 ነጥብ ነው፦ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ስለቱ ቆዳ ከመንካቱ በፊት፣ ሕመምተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ጥናት በ8 ከተሞች ባሉ 8 ሆስፒታሎች ሲሞከር ሞት ከ1.5 ወደ 0.8 በመቶ፣ ዋና ዋና ችግሮች ከ11 ወደ 7 በመቶ እንደወረዱ ያሳያል። የኛም ክፍል ይጠቀምበታል። ፋይሉን ሳገላብጥ ሁሉም ሳጥን «ራይት» ነው። መቶ በመቶ።

ማክሰኞ ግን ገና ደረት ያልተከፈተለት ሕመምተኛ ፋይል ላይ የመጨረሻው ክፍል ተሞልቶ አየሁ። የቁስል ጨርቅና የመርፌ ቆጠራ «ትክክል»። የናሙና ስም «ተረጋግጧል»። ቆጠራው ገና አልተጀመረም። ተናደድኩ። የድሮ ፋይሎችን አወጣሁ፣ ማን እንዲህ እንደሚያደርግ ለማየት። ከመካከላቸው አንዱ የእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ክፉ ሰው ስለሆንኩ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ጊዜ እንደማይኖር ስለማውቅ ቀድሜ ሞላሁት። ወረቀቱ የሚጠይቀኝ ፊርማ ስለነበረ ፊርማ ሰጠሁት። በካናዳ ኦንታሪዮ ቼክሊስቱ በግዴታ በ101 ሆስፒታሎች ሲገባ ሞት ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ወጥቷል። ያኔ ሳነበው ገርሞኝ ነበር። አሁን አይገርመኝም።

ወረቀቱን አስቀረነው። አንድ ትልቅ ላሚኔት የተደረገ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ምልክት የሚደረግበት ቦታ የለውም። ይነበባል፣ ይመለሳል፣ አለቀ። ለልብ ኬዝ የራሳችንን ጨመርንበት፦ ሄፓሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት) ተሰጥቷል? ደሙ የሚረጋበት ሰዓት ከ480 ሰከንድ በላይ ነው? መልሱ በቁጥር ነው። «አዎ» ብቻ አይበቃም። አስተዳደሩ «ማስረጃው የት አለ?» ብሎ ጠየቀ። ሰሌዳውን ራሱን ፎቶ አንስቼ ላክሁ። እስካሁን መልስ የለም።

ሳምንት 5

ርክክብ። ሁሉም ነገር የሚላላው እዚህ ነው።

አልጋው የአይሲዩን በር አልፎ ሲገባ ስድስት ሰው ከበበው። ሰመመን ሰጪው ከራስጌ ቆሞ በእጁ አየር ይሰጣል። የአይሲዩዋ ነርስ በአንድ እጇ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) ታገናኛለች፣ በሌላው ሶኬት ትፈልጋለች። አንዱ ጎንበስ ብሎ የደረት ቱቦዎቹን ጠርሙስ ይሰቅላል። ሰርጀኑ ከእግርጌ ሆኖ «ሦስት ግራፍት ነው፣ ግራ በኩል ትንሽ እየደማ ነበር፣ ግፊቱ ከ100 እንዳይወርድ…» እያለ ያወራል። ማን ሰማው? እኔ። ሥራ ፈት እኔ ብቻ ስለሆንኩ።

በዚያው መሐል የደም ግፊት ከፍ የሚያደርገው የኖርአድሬናሊን መድኃኒት ሲሪንጅ ፓምፕ ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው ተዛወረ። ሲዛወር መክፈቻው ተዘግቶ ቀረ። ግፊቱ 90፣ 74፣ 52። አላርሙ ይጮኻል፤ ግን ስድስት አላርም እየጮኸ ነው። የአይሲዩዋ ነርስ መስመሩን በጣቷ ከሲሪንጁ እስከ አንገቱ ተከትላ አገኘችው። ከፈተችው። አንድ ደቂቃ አልሞላም። ሕመምተኛው ደህና ነው። እኔ ግን እስካሁን 52 የምትለው ቁጥር አትለቀኝም።

ለንደን ያለው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት ሕፃናት ሆስፒታል ይህንኑ ችግር ለመፍታት የፎርሙላ ዋን የፌራሪን ጎማ ቀያሪ ቡድን አማክሯል። እነሱ በሰከንዶች ውስጥ አራት ጎማ ሲቀይሩ ማንም አያወራም፤ ሁሉም ቦታውን ያውቃል፣ አንድ ሰው ብቻ ያዛል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው ውጤት በአንድ ርክክብ በአማካይ የሚታየው የቴክኒክ ስሕተት ከ5.42 ወደ 3.15 ወረደ። ሳይነገር የሚቀረው መረጃም በግማሽ ያህል ቀነሰ። ሰዓቱ አልረዘመም።

ሳምንት 6

የኛ ቅደም ተከተል ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ዕቃ፦ ቬንቲሌተር፣ ሞኒተር፣ መድኃኒት፣ ቱቦ። በዚህ ጊዜ ወሬ የለም። ቀጥሎ ወሬ፦ ሰመመን ሰጪ ይጀምራል፣ ሰርጀን ይቀጥላል፣ ሌላው እጁን አጣጥፎ ይሰማል። መጨረሻ ላይ አይሲዩ የሰማውን መልሶ ይናገራል፣ ይጠይቃል።

ወረቀት ላይ ያምራል። ሰኞ ዕለት አልጋው ገባ፣ ሰርጀኑም ከበሩ ጀምሮ ማውራት ጀመረ። የ20 ዓመት ልማድ ነው፣ በአንድ ሰሌዳ አይጠፋም። የአይሲዩዋ ነርስ ቀና ሳትል፣ ቱቦውን እየገጠመች፣ «ዶክተር፣ እጄ እስኪለቀቅ ይታገሡኝ» አለችው።

ዝም አለ። ክፍሉም ዝም አለ። እኔ ወለሉን አየሁ። ሁለት ደቂቃ እንዲህ ይረዝማል እንዴ? እጇን ጠረገችና «አሁን ይቀጥሉ» አለች።

ሐሙስ ዕለት ሌላ ሕመምተኛ ይዞ መጣ። እግርጌ ቆመ። አፉን ዘግቶ ጠበቀ። ከዚያ «ሲስተር፣ እጅሽ ተለቀቀ?» አላት። አሁን ይህች አረፍተ ነገር የርክክቡ መክፈቻ ሆናለች። ሌሎቹ ሰርጀኖችም ይሏታል። ሰሌዳው ላይ ያልነበረች፣ ማንም ያላረቀቃት ነገር ናት፤ ከሰሌዳው በላይ የሠራችው ግን እሷ ናት።

ሳምንት 8

(ሳምንት 7 ላይ ታምሜ ነበር። ማንም አልለካም። ይህም ራሱ መረጃ ነው፤ ሥራው በአንድ ሰው ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። አሁን ሁለት ነን።)

የመተንፈሻ ቱቦ። ነገሩ ያልተወሳሰበ የልብ ሕመምተኛ አይሲዩ ከገባ በ6 ሰዓት ውስጥ ቱቦው ቢወጣለት ይመረጣል። የኛዎቹ ብዙዎቹ እስከ ነጋ ያድራሉ። ምክንያቱን ፍለጋ ፋይል ሳገላብጥ የሕክምና ምክንያት ያገኘሁት በጥቂቶቹ ብቻ ነው። የቀሩት ማታ ነቅተዋል፣ ሞቀዋል፣ አልደሙም። ግን ማታ ነው። «ጠዋት ራውንድ ላይ እናየዋለን።» ሰውየው ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ ሆኖ ነቅቶ ጠዋትን ይጠብቃል።

መስፈርቱን ጽፈን ለነርሶቹ ሰጠን። ነቅቶ ትእዛዝ ይሰማል፣ ሙቀቱ ከ36 በላይ ነው፣ የደረት ቱቦው ጸጥ ብሏል፣ ግፊቱ በትንሽ መድኃኒት ጸንቷል፣ የደም ጋዙ (በደሙ ያለው የኦክስጅንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን) ጥሩ ነው። ይህ ከተሟላ ነርሷ ሂደቱን ትጀምራለች፣ ተረኛ ሐኪሙን ትጠራለች። ሐኪሙ እስኪያስታውስ አይጠበቅም።

አንድ ሕመምተኛ ቱቦው ወጥቶለት ከ3 ሰዓት በኋላ ተመልሶ ገባ። ወዲያው «ይኸው!» ያለ ሰው ነበር። የሆነውን ስናይ የደም ጋዙ የታየው ሕመምተኛው ገና ብዙ እርዳታ ከማሽኑ እያገኘ ሳለ ነው። መስፈርቱ ላይ «በዝቅተኛ እርዳታ ከ30 ደቂቃ በኋላ» የሚል ጨመርን። ተመልሶ የገባውንም መቁጠር ጀመርን። ፍጥነትን ብቻ የሚለካ ሰው ራሱን ያታልላል።

ሳምንት 9

የሳንባዎቹ ተራ። ዎርድ ላይ ከሰርጀኑ ጋር ራውንድ ወጣሁ። የሳንባው ክፋይ የወጣለት ሕመምተኛ አልጋው ጫፍ ተቀምጧል። ሰርጀኑ «እስቲ ሳልልኝ» አለው። ሰውየው ትራሱን ደረቱ ላይ አቅፎ ሳለ። ከደረት ቱቦው ጋር የተያያዘው ጠርሙስ ቡልቅ አለ። ሰርጀኑ «ትንሽ አየር አለ» አለ። ረዳቱ «እኔ አላየሁም» አለ። እንደገና ሳለ። አሁን ሁለቱም ተጠራጠሩ። ቱቦው እስከ ነገ ይቆይ ተባለ። ነገ ቅዳሜ ነው።

ቱቦው ሰኞ ወጣ። ሁለት ተጨማሪ ቀን በሁለት ዓይኖች አለመስማማት። የአየር ፍሳሽ ከ5 ቀን ካለፈ «የተራዘመ» ይባላል፤ የኛዎቹ አንዳንዶቹ የተራዘሙት በሳንባቸው አይደለም፣ በቅዳሜና እሑድ ነው። አየሩን በሚሊሊትር በደቂቃ የሚያሳይ ዲጂታል መምጠጫ ጠይቀናል። እስኪመጣ የቅዳሜ ተረኛ ቱቦ የማውጣት ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱ ከመሣሪያው ቀድሞ ደረሰ፤ ቶሎ ያስገኘነው ለውጥ እሱ ነው።

ሳምንት 10

ልምምድ። ከልብ ቀዶ ጥገና በኋላ አይሲዩ ውስጥ ልብ ከቆመና የኤሌክትሪክ ንዝረቱ ወይም የልብ ምት ማስተካከያው (ፔስሜከሩ) ካልመለሰው፣ ደረቱ በ5 ደቂቃ ውስጥ እንደገና መከፈት አለበት። አሻንጉሊት አስተኝተን «ልብ ቆመ!» አልን። ሁሉም ሮጠ። የመክፈቻው ሳጥን ቁልፍ ነበረበት። ቁልፉ ረፍት የወጣች ነርስ ጋ ነው። ሰብረን ከፈትነው። ስለት አለ፣ ደረት መክፈቻ አለ፣ የደረት አጥንቱን ሽቦ መቁረጫ የለም። 8 ደቂቃ ከ40።

ሳጥኑ አሁን ቁልፍ የለውም፤ በቀላሉ የሚበጠስ ማኅተም ነው ያለው። ማኅተሙ ከተበጠሰ ዕቃው ይቆጠራል። ሁለተኛው ልምምድ 4 ደቂቃ ከ15።

ሳምንት 12

ግራፎቹን ለኃላፊው አሳየሁ። አየ፣ አገላበጠ፣ «ታዲያ በቀን አንድ ኬዝ መጨመር እንችላለን?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው አለ። ግን ገና ነው አልኩት። አሁን ያተረፍነውን ሰዓት ወዲያው በሌላ ኬዝ ከሞላነው፣ ወደ ሩጫው እንመለሳለን። ለሁለት ወር በሰዓቱ መጀመራችን ይጽና፣ ከዚያ በሳምንት አንድ ቀን እንሞክር። ፊቱን ቋጠረ፤ ግን ጻፈው።

ከቢሮው ስወጣ የዎርዷ ዋና ነርስ ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «እናንተ ከኦፕሬሽን ክፍል ወደ አይሲዩ አስተካከላችሁ። ከአይሲዩ ወደ እኛ የሚመጣውስ? ትናንት ፔስሜከር ሽቦው ገና ያልወጣለት ሕመምተኛ ማንም ሳይነግረኝ ተረከብኩ።»

መልስ አልነበረኝም። ነገ ከዎርዱ በር ላይ ሰዓቴን ይዤ እቆማለሁ።